ግጦሹን የሚዘጋው ማን ነው?

በሥነ ምህዳር ሙያ ደጋግመን የምንጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን»። ጥናቱ ሲያልቅ፣ ምክረ ሐሳብ በሚለው ክፍል ውስጥ ከሌሎች ነጥቦች ጋር ተሰልፋ ትቀመጣለች። የለካነው ሣር፣ የቆጠርነው ችግኝ፣ የመዘንነው አፈር መጨረሻው እሷ ናት። ወረዳው ይቀበላታል፤ ቀበሌው ያስፈጽማታል፤ ጥበቃ ይቀጠርላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እስከ ትናንት በጎቹን ወደዚያ ሲነዳ የኖረ ሰው ዛሬ ቢነዳ ጥፋተኛ ነው። ማገዶ ለቅማ የምትመለሰው ልጅም እንዲሁ።

ስለ ግለሰብ ነፃነትና ሰው ለማኅበረሰቡ ስላለበት ግዴታ መናገር ለፈላስፋና ለሕግ አዋቂ ብቻ የሚተው ጉዳይ የማይመስለኝ ለዚህ ነው። እኛ ሣር የምንለካ ሰዎች በየሪፖርታችን ከሰው ነፃነት ላይ እንቆርጣለን። መቁረጡ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተራቁቶ የነበረ ተዳፋት ለጥቂት ዓመታት ተከልሎ ሲያርፍ መጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው ሲመለስ፣ ጎርፉ ሲለዝብ ያየ ሰው «መከለል ጉዳት ነው» ብሎ አይከራከርም። ነገር ግን ማን ቆረጠ፣ ከማን ላይ ቆረጠ፣ ማንን ጠይቆ ቆረጠ የሚለው ጥያቄ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። የልኬታችን ትክክለኛነት እንደሚያሳስበን ሁሉ እሱም ሊያሳስበን ይገባል።

ከሙያችን ሰዎች መካከል በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፁ እጅግ ርቆ የተሰማው አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን ነው። በሳንታ ባርባራ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ወል ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ ያወጣው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ምሳሌውን ያገኘው ዊልያም ፎርስተር ሎይድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1833 ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ አለ። አንድ እረኛ በመንጋው ላይ አንዲት ላም ቢጨምር የላሟ ትርፍ ሙሉ ለሙሉ የእሱ ነው፤ በሣሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ለእረኞቹ ሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ ይጨምራል። ጎረቤቱም እንደዚሁ አስልቶ ይጨምራል። በመጨረሻ ግጦሹ መሬት ብቻ ይሆናል።

በእኛ አገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሃርዲን ስሌት የዚህ ግልባጭ ነው። ጉዳቱ ለሃምሳ ሰው ሲካፈል ስለሚቀል ማንም አይሰማውም፤ ግጦሹን የሚገድለውም ይኸው አለመሰማቱ ነው።

ሃርዲን ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ጠንካራ ነው። ሰውን በሕሊናው መማጸን ዋጋ የለውም ይላል፤ ሕሊና ያለው ላሙን ሲቀንስ ሕሊና የሌለው የተረፈውን ሣር ይበላበታል፣ በመጨረሻም የሚቀጣው ደጉ ሰው ነው። መፍትሔው ወይ መሬቱን ለግለሰቦች ማካፈል፣ ወይም ሰዎች ራሳቸው ተስማምተው በራሳቸው ላይ የሚጭኑት አስገዳጅ ደንብ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ ነፃነትን አይቀንስም፣ ይልቁንም ሰውን ለሌላ ነገር ነፃ ያወጣዋል ብሎም ይከራከራል። በዚህኛው ነጥብ እስማማለሁ። በመስክ ሥራ ላይ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያጭደዋል» የሚለውን ቃል ያልሰማሁበት አካባቢ የለም። ይህን የሚለው ሰው ስግብግብ አይደለም። ብቻውን መታገሡ ልጆቹን ከመጉዳት በቀር ለሣሩ የሚፈይደው እንደሌለ በትክክል የተረዳ ሰው ነው።

የማልስማማው ከእረኞቹ ጋር ነው። የሃርዲን እረኞች አይነጋገሩም። ለቅሶ አይደራረሱም፤ ዕድር የላቸውም፤ ልጆቻቸው አይጋቡም፤ አንዱ የሌላውን በግ በጆሮ ምልክቷ አይለይም። በስሌት የተሠሩ ሰዎች ናቸው። ሥነ ምህዳር ግን በቦታው ያለውን ነገር አይቶ መመዝገብ ነው፤ ዕፅዋትን በጥንቃቄ መዝግቦ የሰውን ነገር በግምት መሙላት ሙያውን ግማሽ ላይ ማቆም ይሆናል።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙን የወሰደው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር መሬቱን እንደ ምንጣፍ አይሸፍንም፤ እዚህም እዚያም በየጉብታው ተሰብስቦ ይበቅላል። አንዱን ጉብታ በሁለት እጅ ከፈት አድርጎ ላየ ሰው ውጪው ያረጀና የገረጣ ቅጠል ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴው ይመጣል፤ ከሁሉ ሥር፣ አፈሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ ነጣ ያለ ለስላሳ ክፍል አለ። ሣሩ የሚያድገው ከዚያ ነው። ዛፍ ከጫፉ ያድጋል፤ ሣር ግን ከሥሩ አጠገብ። ስለዚህ ማጭድ ከዚህ ነጭ ክፍል በላይ ቢያልፍ ሣሩ ይመለሳል። ተነቅሎ ቢወጣ፣ ወይም ለመተካት ጊዜ ሳያገኝ ደጋግሞ ቢታጨድና ቢጋጥ ግን ጉብታው ከመሃሉ መሳሳት ይጀምራል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ባዶ አፈርም ይሰፋል።

የእኛ ሥራ ይህን መለካት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፍሬም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በውስጡ ምን ያህሉ ሕያው ሣር፣ ምን ያህሉ የደረቀ፣ ምን ያህሉ ባዶ አፈር እንደሆነ ይመዘገባል፤ ቁመት ይለካል፤ የአይጥ ጉድጓድ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው፣ አይጡም የሚሸሸገው በጉብታው ሥር ነው። ፍሬሙ ብዙ ይናገራል። የማጭድ ምልክት ያሳያል፤ ማጭዱ መቼ እንዳለፈም በግምት ይነግራል። ከማጨዱ በፊት ሰዎች ተሰብስበው ምን እንደተባባሉ ግን በፍሬም ውስጥ አይታይም። የጓሳ ሣር እስከ ዛሬ የቆመው ደግሞ በዚያ በማይታየው ነገር ነው።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የሚጠበቀው የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ እንደነበር ይታወቃል። የመጠቀም መብቱ አስቦና ጌራ የተባሉት የአካባቢው አባቶች ተወላጆች ነበር። ቦታው ሲዘጋ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ማጭድም መንጋም አይገባበትም። የሥርዓቱ አለቆች ሣሩ ደረሰ ብለው ሲያምኑ ይከፈታል፤ መብት ያላቸው ሁሉ ገብተው ያጭዳሉ። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብ ለሚከልል ገሳ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል። በብርዱ አገር የጓሳ ክዳን ያለው ቤት ማለት በክረምት የሚታደርበት ቤት ማለት ነው።

እንደ ባለሙያ ስመለከተው ሦስት ዓመት ወይም አምስት ዓመት በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በዚያ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሣር ጉብታውን ሞልቶ ለማጭድ እስኪደርስ ይህን ያህል ይፈልጋል። ደንቡን የደነገጉት ሰዎች ፍሬም አልነበራቸውም፤ ሣሩን ግን ያውቁት ነበር። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ማጭዱን ሰቅሎ ሦስት ዓመት የሚቀመጠው ሰው ነው። ይህ ሰው የታገሠው ሕሊናው ከጎረቤቱ ስለሚበልጥ አይደለም። የጎረቤቱም ማጭድ እንደተሰቀለ ስለሚያውቅ ነው። ሃርዲን ሰው በሕሊናው ብቻ አይጠብቅም ማለቱ እዚህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ክፍተት የሞላው ከላይ የመጣ ኃይል አይደለም፣ እርስ በርስ መተያየት ነው። ቦታው በተከፈተ ቀን ሁሉም እንደልቡ የሚያጭድበት ነፃነት የተሠራው በዝግ ዓመታቱ ውስጥ ነው፤ ከእነሱ ቢለይ አይኖርም።

ይህን ሥርዓት እንደ ገነት አድርጎ መሳል ግን ሐቁን ማዛባት ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጅ ያልሆነ ሰው፣ በአካባቢው ተወልዶ ቢኖርም፣ መብት አልነበረውም። የእሱ ቤት ክዳንም ያፈሳል፤ የእሱም ልጆች ይበርዳቸዋል። ለዚህ ሰው «ደንቡ ሣሩን ጠብቋል» ማለት ምን ያጽናናዋል? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ በትውልድ ሐረግ ላይ የቆመው መብት ፈረሰ፤ የገበሬ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ እኩል ተጠቃሚ ሆነ። ተከልክሎ የኖረው ሰው ገባ። በዚያው እርምጃ ግን የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን የነበራቸው አለቆች ከቦታቸው ተነሡ፤ የሚዘጋም የሚከፍትም ጠፋ፤ ሣሩም ተጎዳ።

ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይከብዳል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ የሚያዩት የሣሩን መጎዳት ብቻ ነው፤ አንዳንድ የፖለቲካ ሰዎች ደግሞ የመብቱን መስፋት ብቻ። እኔ ግን የጓሳን ታሪክ የምወደው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ምክንያት ነው። የአካባቢው ሰዎች የድሮውን ቄሮ እንዳለ ለመመለስ አልተነሡም። የየቀበሌው ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁመው መዝጋትና መክፈቱን እንደገና ጀመሩ፤ መብቱ አሁን ከዘር ሐረግ ይልቅ በነዋሪነት ላይ ቆመ። ቦታው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ ይታወቃል፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው አለ።

ከእኛ አገር ውጪም እንዲሁ ነው። በስዊዘርላንድ ቶርበል የተባለች የተራራ መንደር ከ1517 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልባት ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወል ግጦሹ እንዳያወጣ ደንግጋለች። ይህንና የመሳሰሉትን አሰባስባ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችው ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ሃርዲን ራሱ በ1990ዎቹ «ያልተዳደረ የወል ሀብት» ማለት እንደነበረበት ጽፏል። ማስተካከሉን አከብራለሁ።

የማላከብረው ሌላ ነገር አለ። ሃርዲን ከግጦሽ ተነሥቶ ወደ ሰው መውለድ፣ ከዚያም ወደ አገሮች ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ የበለጸጉትን አገሮች በነፍስ አድን ጀልባ መሰላቸው፤ ድሆቹ ባሕር ውስጥ ናቸው፤ ሁሉንም ማሳፈር ሁሉንም ማስጠም ነው፣ የምግብ ዕርዳታም ነገ የሚራበውን ከማብዛት በቀር አይረዳም አለ። ይህ ሲጻፍ ወሎ በረሃብ አልቆ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የዚያን ረሃብ ቁጥሮች ሲመረምር በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ከወሎም እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ እንደነበር አሳየ። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በእህሉ ላይ መብቱን ያጣ ሕዝብ ነው የሞተው።

በዚህ ላይ በጽኑ መናገር የሙያዬ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ መሬት ስንት እንስሳ ይችላል የሚለው ልኬት ለግጦሽ የተሠራ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው በግ ገበያ አይሄድም፣ ግብር አይከፍልም፣ ንጉሥ የለውም። ይህን ልኬት አንሥቶ የተራበ ሰው ይዳን ወይስ ይሙት የሚለውን መወሰኛ ማድረግ ሳይንስ አይደለም። ሳይንሱ ያላየውን ሰው በሳይንስ ስም መፍረድ ነው። የእኛ ሰዎች ሞት በሩቅ አገር ለተጻፈ ክርክር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ዝም ማለት አይገባም።

በሌላ በኩል ግን የነፃነት ድንበር ከቤታችን ደጃፍ ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር ስፈልግ የእረኛ ውሻን አነሣለሁ። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ውሻ ማሳደግ መብቱ ነው፤ ከጅብም ከሌባም የሚጠብቀው እሱ ነው። ማስከተብ አለማስከተብም የራሱ ጉዳይ ይመስላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ለመራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008፣ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታው በልጆችም ላይ ያው ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ መተላለፉ ይቋረጣል። ታዲያ እያንዳንዱ ባለ ውሻ «የእኔ ከቀሩት 30 ውስጥ ይሁን» ቢልስ? ያው የግጦሹ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ ግን ባለ ውሻውን ከመውቀሳችን በፊት ክትባቱ የት እንዳለ መጠየቅ አለብን። የእንስሳት ጤና ኬላው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፣ ውሻው ታስሮ የማያውቅ፣ ገመድ የማይለምድ ከሆነ፣ ግዴታ ጭነንበት መወጫውን አልሰጠነውም። ከታቢው በገበያ ቀን ወይም እስከ መንደሩ ድረስ በመጣበት ቦታ ሰዎች ውሻቸውን ለማምጣት አያንገራግሩም። ግዴታ የምንለው ነገር ግማሹ የባለ ግዴታው፣ ግማሹ ደግሞ መንገዱን የሚያመቻችለት ሰው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 መንግሥትም ዜጎችም አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ተጽፏል፤ «መንግሥትም» የሚለውን ዘለን «ዜጎች» የሚለውን ብቻ ማንበብ ለምዶብናል።

ሕግ ግዴታውን የተሳሳተ ሰው ላይ ሊጥለውም ይችላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት፣ መሬቱ ከተጎዳም የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ ይደነግግ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ቦረቦር ግን እንዲህ አይሠራም። ቦረቦር የሚውጠው የታችኛውን ሰው ማሳ ነው፤ የሚጀምረው ከላይ ነው፦ ከተራቆተ ኮረብታ፣ ቁልቁል ከታረሰ የጎረቤት እርሻ፣ ወይም ውኃውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ከሚለቅ መንገድ። የታችኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲከምር ቢኖር አያቆመውም። ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታና ጉዳቱ የታየበት ቦታ ስለሚለያዩ፣ ሥነ ምህዳር ለፍትሕ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ውኃውን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ነው። ተፋሰሱን ከታች እስከ ላይ በእግሩ ያልሄደበት ባለሙያ «ባለይዞታው መሬቱን አልተንከባከበም» ብሎ ሲፈርም ያሳዝነኛል።

ታዲያ ያቺን የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እናቁም ማለቴ አይደለም። ስትጻፍ ግን ብቻዋን አትጻፍ። ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ፣ ማን ሲል እንደሚከፈት፣ ሲከፈት ማን እንደሚገባ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። መክፈቻ የሌለው መዝጊያ ሰው በሌሊት ማጭድ ይዞ እንዲገባ ያስተምራል። ይህ የሚወሰንበት ስብሰባ የሚጠራው በበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዋርካው ሥር ከሆነ የሚናገሩት አባወራዎች ናቸው፤ ማገዶና ኩበት የምትለቅመው ሴትና መሬት ያልደረሰው ወጣት የሚናገሩበትን ሌላ ጊዜ መፈለግ የልኬቱን ቦታ እንደመምረጥ ያህል ሥራ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ በጀት የሚሰጡ ሰዎች «ይህ ከጥናቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይላሉ። ያገናኘዋል እላለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት አጥሩ ቆሞ ይገኝ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነውና።

አሁን በብዙ የተከለሉ ቦታዎች ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከድሮው ይልቅ ረቂቅ ነው። መንጋ አይገባም፤ ሣሩ ግን በዓመት አንዴ ታጭዶ ለነዋሪው ይከፋፈላል። ክፍፍሉ በቤተሰብ ነው ወይስ በከብት ብዛት? በከብት ብዛት ከሆነ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቀድሞም ግጦሹን ይበልጥ ሲጠቀምበት የነበረው ነው፤ አንድም ከብት የሌለው ሰው ተራውን ጠብቆ፣ ቦታውን ሲጠብቅ ከርሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። በቤተሰብ ከሆነ ከብት የሌለው ድርሻውን ለጎረቤቱ ይሸጣል፤ አንዳንዶች «የወል ሣር ሊሸጥ አይገባም» ብለው ይቃወማሉ። እኔ በቤተሰብ ይሁን፣ መሸጡም ይፈቀድ ከሚሉት ወገን ነኝ። የጠበቀ ሁሉ ከጥበቃው ያግኝ። መሬት ያልደረሳቸው፣ ገና ቤት ያልመሠረቱ ወጣቶች ግን በዚህኛውም ክፍፍል አይቆጠሩም፤ በጥበቃ ተራ ግን ሌሊቱን የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ድርሻ የሚሰጥ መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ አለበት፤ ይህም ከመጪው አጨዳ በፊት መሆን አለበት።